«ዓሣዎን በቀን 3 ጊዜ ይመግቡ» ለሚለው ጽሑፍ ከደሴ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ቤት አኳሪየም የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ደሴ ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ነበር። ለእኔም ከአንድ በላይ ሰው ልኮልኛል። ሐሳቡ ባጭሩ ይህ ነው። ዓሣ በቀን 3 ጊዜ ይመገብ። በአንድ ጊዜ በ5 ደቂቃ ጨርሶ የሚበላውን ያህል ይሰጠው። ወደ መስታወቱ ከመጣ ርቦታል ማለት ነው። ብርድ ሲሆን ይጨመርለት። መኖ ካለቀ ዳቦ ይበቃዋል። ውሃው ከደፈረሰ ሙሉ በሙሉ ይቀየር። መንገድ ስትሄዱ የሳምንቱን ምግብ አንድ ላይ ጨምሩለት። ከበዛባችሁ ሐይቅ ወስዳችሁ ልቀቁት። ማሳረጊያው ላይ ደግሞ «የባሕር ኮራል እንኳ በየቀኑ ይመገባል» ይላል።

ጸሐፊው ዓሣ እንደሚወዱ ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል። ለዚያ አክብሮት አለኝ። ግን በዚህ ዓይነት ምክር ዓሣቸው ያለቀባቸው ቤቶች አውቃለሁ። ያዘኑ ልጆችም አይቻለሁ። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ ልመልስ።

«በቀን 3 ጊዜ ይመገብ»

ላደገ ዓሣ በቀን አንድ ጊዜ ይበቃል። ለጎልድፊሽ ያችኑ የቀን ምግብ ለሁለት ከፍሎ ጠዋትና ከሰዓት መስጠት ይቻላል። ጎልድፊሽ እውነተኛ ጨጓራ የለውም፤ የበላው በቀጥታ ወደ አንጀት ነው የሚያልፈው። ስለዚህ በጥቂት በጥቂቱ ቢበላ ይሻለዋል። ይህ ማለት ግን መጠኑ ይጨመር ማለት አይደለም። የጽሑፉ ዋና ችግር እዚህ ላይ ነው። ስንት ጊዜ እንደሆነ ይነግረናል፤ በጠቅላላው ስንት ግራም እንደሆነ አይነግረንም።

ቁጥሩን አብረን እንሥራው። ደረቅ የዓሣ መኖ ብዙውን ጊዜ 40 በመቶ ያህሉ ፕሮቲን ነው። ከፕሮቲን ውስጥ ደግሞ 16 በመቶ ገደማው ናይትሮጅን ነው። እንግዲህ 1 ግራም መኖ 64 ሚሊግራም ያህል ናይትሮጅን ይዟል። ዓሣው ለሰውነቱ የሚያስቀረው ቢበዛ ሲሶውን ነው። የቀረው 43 ሚሊግራም ገደማ በስንጥቡና በዓይነ ምድሩ ተመልሶ ውሃው ውስጥ ይገባል። አብዛኛው በአሞኒያ መልክ ነው፤ አሞኒያ ደግሞ ለዓሣ መርዝ ነው። አኳሪየማችሁ 60 ሊትር ከሆነ ይህ በአንድ ሊትር 0.7 ሚሊግራም ይሆናል። በአንድ ቀን! በጤናማ አኳሪየም ውስጥ አሞኒያ ሲለካ ዜሮ መሆን አለበት።

እያንዳንዳቸው 20 ግራም የሚሆኑ 4 ጎልድፊሾች ካሏችሁ፣ የቀን ምግባቸው ከሰውነታቸው ክብደት 1 በመቶ ቢሆን 0.8 ግራም ነው። በጸሐፊው ምክር 3 ጊዜ እያጠገባችሁ 3 ግራም ብታደርሱት አሞኒያው በሊትር 2 ሚሊግራም ይደርሳል። ያልተበላው መኖ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። በዓሣው ሰውነት ስላላለፈ ናይትሮጅኑ አንዳችም ሳይቀነስለት እዚያው ጠጠሩ ላይ ይበሰብሳል።

ይህን አሞኒያ ከውሃው የሚያነሱልን ማጣሪያው ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናቸው። አንዱ ወገን አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይቀይራል፤ ሌላው ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት። ናይትሬት እምብዛም አይጎዳም፤ ውሃ በመቀየር ይወጣል። ግን እነዚህ ባክቴሪያዎች በአንድ ጀምበር አይበዙም። አዲስ አኳሪየም ውስጥ ሥራቸውን ለመጀመር ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጅባቸዋል። ዓሣ የሚሞተውም አብዛኛውን ጊዜ በዚያ ወር ውስጥ ነው። በዚያ ወር በ2 ቀን አንዴ መመገብ ይበቃል። «ገና መጣ፣ እንግዳ ነው፣ ይብላ» የሚባልበት ጊዜ አይደለም።

ከፍታችንስ? ጽሑፉ ይህን ጨርሶ አላነሳውም። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ የአየር ግፊቱ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል። ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። በ26 ዲግሪ ውሃ ባሕር ዳርቻ ላይ በሊትር 8 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል። ደሴ ላይ ያው ውሃ 6 ገደማ ነው የሚይዘው። ዓሣ ሲበላ ምግቡን ለመፍጨት ተጨማሪ ኦክስጅን ይፈልጋል። የሚበሰብስ መኖም ኦክስጅን ይበላል። ባክቴሪያዎቹም እንዲሁ። ጋፒ፣ ሞሊ ወይም ቤታ የሚባሉትን ሙቅ ውሃ የሚወዱ ዓሦች ይዛችሁ ውሃውን በማሞቂያ 26 ዲግሪ ካደረሳችሁ፣ ከመነሻው ጠባብ የሆነው ኦክስጅን ላይ ሦስት በላተኛ አመጣችሁበት ማለት ነው። ባሕር ዳርቻ ያለ ሰው 3 ጊዜ መግቦ ዓሣው ቢተርፍለት፣ ጦሳ ሥር ላለነው ያ ማስረጃ አይሆንም። ምሽት ላይ አብዝታችሁ መግባችሁ ጠዋት ዓሦቹ አፋቸውን ውሃው ጫፍ ላይ እያወጡ ስታገኟቸው፣ እንደገና ምግብ የሚለምኑ ሊመስላችሁ ይችላል። አየር አጥሯቸው ነው።

«ወደ መስታወቱ ከመጣ ርቦታል»

ይህች ዓረፍተ ነገር ከሁሉም በላይ አሳስባኛለች፤ ምክንያቱም ሁላችንም የምናምናት ነች። ዓሣ ይማራል። ሰው ሲመጣ ምግብ እንደሚመጣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ያውቃል። ከዚያ በኋላ ሰው ባየ ቁጥር ይሮጣል፤ አሁን በልቶ የጨረሰም ይሮጣል። በተፈጥሮ ውሃ ውስጥ ምግብ በፈለገው ሰዓት ስለማይገኝ፣ ባገኘው ጊዜ መብላት ነው ልማዱ። ስለዚህ መሮጡ የርሃብ መለኪያ አይሆንም።

እኛ ዘንድ ደግሞ ይህ ነገር ይብሳል። ወሎ ውስጥ እንግዳ ቤት ገብቶ ሳይቀምስ አይወጣም። «በሞቴ» ብለን አጉርሰን ነው የምንሸኘው። ይህ ጥሩ ልማድ ነው፤ እኮራበታለሁ። ግን አኳሪየሙ ሳሎን ውስጥ፣ ብዙ ጊዜ ቡና በሚፈላበት አጠገብ ነው የሚቀመጠው። በአቦል ጊዜ ጎረቤት አንድ ቁንጥር ትጨምራለች። በቶና ልጇ ይጨምራል። በረካ ላይ አያትየው «ምነው እነዚህስ?» ብለው ዳቦ ይቆርሱላቸዋል። ማታ አባት ከሥራ ሲገባ ማን እንደመገበ አያውቅም፤ እሱም ይጨምራል። ቤቱ ውስጥ «በቀን አንድ ጊዜ» የሚል ስምምነት እያለም ዓሣው በቀን 5 ጊዜ በልቷል።

መፍትሔው ቀላል ነው። መኖው ከአኳሪየሙ አጠገብ አይቀመጥ። ቁም ሳጥን ውስጥ ይግባ። የሚመግበው አንድ ሰው ይሁን፤ ልጅ ቢሆን ደግሞ ደስ ይለኛል፤ ኃላፊነት ይማርበታል። ያ ልጅ የቀኑን መኖ ጠዋት በትንሽ ክዳን ላይ ለክቶ ያስቀምጥ። ክዳኑ ባዶ ከሆነ ዓሦቹ በልተዋል፤ አለቀ። እንግዳ መመገብ ከፈለገ ከዚያችው ክዳን ላይ ይሰጠው። እንግዳውም ደስ ይለዋል፤ ዓሣውም አይጎዳም።

«በ5 ደቂቃ ውስጥ የሚጨርሰውን ያህል»

ጎልድፊሽ በ5 ደቂቃ ውስጥ መጨረስ የሚችለውና የሚያስፈልገው በጣም ይለያያሉ። ብዙ ሰው የሚጠቀምበት መለኪያ ከ1 እስከ 2 ደቂቃ ነው። ያም ቢሆን አንድ ትልቅ ቁንጥር ጥሎ ሰዓት መቁጠር አይደለም። ትንሽ ጣል አድርጉ። ሲያልቅ ትንሽ ድገሙ። ወደ ታች መውረድ ሲጀምር አቁሙ። ከ10 ደቂቃ በኋላ ጠጠሩ ላይ የሚታይ መኖ ካለ በዝቷል ማለት ነው፤ በቀጭን ቱቦ ሳቡት።

ጽሑፉ ዓሣን ሁሉ አንድ አድርጎ መቁጠሩም አልተመቸኝም። ኦስካር የሚባለው ዓሣ ትልቅ ከሆነ በ2 ቀን አንድ ጊዜ ቢበላ ይበቃዋል። ከታች የሚኖሩት መስታወት ላሽ ዓሦች ደግሞ ማታ ነው የሚወጡት። ምግባቸውን ማታ የአኳሪየሙን አምፖል ካጠፋችሁ በኋላ ካልሰጣችኋቸው የላዮቹ ይቀሟቸዋል።

«ብርድ ሲሆን ጉልበት እንዳያጣ ይጨመርለት»

ይህ ለሰው ይሠራል፤ ለበግም ይሠራል። ለዓሣ ግን ተቃራኒው ነው እውነቱ። ዓሣ የሰውነቱን ሙቀት ራሱ አያመነጭም። ውሃው ሲቀዘቅዝ እሱም ይቀዘቅዛል። ልቡ ይዘገያል፤ አንጀቱም ይዘገያል። በ22 ዲግሪ በአንድ ቀን የሚፈጨው ምግብ በ14 ዲግሪ ሆዱ ውስጥ ይቆያል። ጎልድፊሽ ውሃው ወደ 10 ዲግሪ ሲወርድ መብላቱን ሊያቆም ምንም አይቀረው። ከታኅሣሥ እስከ ጥር ባለው ጊዜ ደሴ ውስጥ ማሞቂያ የሌለው አኳሪየም ጠዋት ላይ ምን ያህል እንደሚቀዘቅዝ እጁን የነከረ ያውቀዋል።

ሌላም አለ። ብርዱ የሚያዘገየው ዓሣውን ብቻ አይደለም። የማጣሪያው ባክቴሪያዎችም ይዘገያሉ። ማለትም በሞቃት ወራት ችግር ያልነበረው ያው መጠን በውርጭ ወራት አሞኒያ ሊያስቀር ይችላል። ጸሐፊው ጨምሩ ያሉት ልክ መቀነስ በሚገባን ሰዓት ነው።

እንግዲህ በደሴ፣ ማሞቂያ ለሌላችሁ እንዲህ እላለሁ። ርካሽ ቴርሞሜትር ግዙ። ከ18 ዲግሪ በላይ ከሆነ በቀን አንዴ። ከ14 እስከ 18 ከሆነ በ2 ቀን አንዴ፣ ያውም ለመፈጨት ቀላል የሆነ ምግብ። ከዚያ በታች ከሆነ በሳምንት አንድ ሁለት ጊዜ ጥቂት ሰጥታችሁ ሁኔታውን እዩ። ሰዓቱም ለውጥ ያመጣል፤ ጠዋት ከመስጠት ቀትር አልፎ ውሃው ሞቅ ሲል መስጠት ይሻላል። በሐረጎ ቁልቁለት ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ ነገሩ ሌላ ነው። ወደ 650 ሜትር ገደማ ዝቅ ስለሚል ውሃው እዚያ ሞቅ ይላል፤ ዓሣውም የተሻለ ይበላል። ባቲና ከሚሴ ያሉ ደግሞ ከነጭራሹ የብርድ ነገር አያሳስባቸውም። በሙቅ ውሃ የኦክስጅን ማነስ ነው የእነሱ ጭንቀት። አንድ ወረዳ ከሌላው እንዲህ እየተለያየ፣ ለሁሉም ቤት የሚሆን አንድ ቁጥር መስጠት አይቻልም።

«ዳቦ ይበቃዋል»

አይበቃውም። ዳቦ ውሃ ሲነካው ያብጣል፤ ሆድ ውስጥም እንዲሁ። ከዚያ ይፈራርስና ውሃውን ያደፈርሰዋል። እንጀራም ያው ነው። መኖ አልቆባችሁ ከሆነ አንድ ፍሬ አተር ቀቅላችሁ፣ ልጣጩን አውጥታችሁ፣ በጣት ፈጭታችሁ ስጡ። ጎልድፊሽ ይወደዋል፤ ለሆድ ድርቀትም ይረዳል። ጎመን ወይም ሰላጣ ለስለስ እስኪል ድረስ በፈላ ውሃ ነክሮ መስጠትም ይቻላል። ምንም ከሌላችሁ ምንም አትስጡ። ጤነኛ ያደገ ዓሣ 2 ቀን ሳይበላ ቢውል አይጎዳም።

«ውሃው ከደፈረሰ ሙሉ በሙሉ ይቀየር፤ ማጣሪያውም በሳሙና ይታጠብ»

እዚህ ላይ ጸሐፊውን አጥብቄ እለምናቸዋለሁ፤ ይህን ከጽሑፋቸው ያውጡት። ሳሙና ዓሣ ይገድላል፤ አኳሪየም አጠገብ መድረስ የለበትም። ማጣሪያውን በክሎሪን በታከመ የቧንቧ ውሃ ማጠብም እነዚያን ባክቴሪያዎች ይገድላል። ውሃውን በሙሉ ስትቀይሩ ለአንድ ቀን ኩልል ይላል። በማግስቱ አሞኒያው ሲመለስ የሚያነሳው የለም። ያኔ «ውሃ ቀይሬ እንኳን ሞተብኝ» ይባላል።

በሳምንት አንድ ጊዜ ከ20 እስከ 25 በመቶውን ብቻ ቀይሩ። የምትጨምሩትን ውሃ አፉ ክፍት በሆነ ባልዲ ከአንድ ቀን በፊት ቅዱት። ክሎሪኑ ይተናል፤ የውሃው ሙቀትም ከቤቱ ጋር ይስተካከላል። የማጣሪያውን ስፖንጅ ካስፈለገ ከአኳሪየሙ በቀዳችሁት ውሃ ጨመቅ ጨመቅ አድርጉት እንጂ እስኪነጣ አትጠቡት። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ለሚኖር ሰው ደግሞ ጥቂት መመገብ ማለት ጥቂት ውሃ መቀየር ማለት ነው።

የመብራቱን ነገር ጽሑፉ ማንሳት ነበረበት። መብራት ሲጠፋ ማጣሪያው ይቆማል። ውሃ ካልተላለፈ ባክቴሪያዎቹ ኦክስጅን ያጥራቸዋል፤ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ መዳከም ይጀምራሉ። ስለዚህ ሕጉ አንድ ነው፦ መብራት በሌለበት ሰዓት ምግብ የለም። መብራቱ ከመጣም በኋላ ጥቂት ሰዓት ጠብቁ። መጥፋቱ ከረዘመ በኩባያ ውሃውን እየቀዳችሁ ከፍ አድርጋችሁ መልሳችሁ አፍስሱበት። አየር ይገባል። በባትሪ የሚሠራ አየር መንፊያ ያገኘ ሰው ደግሞ እንዳያመልጠው።

«መንገድ ስትሄዱ የሳምንቱን ምግብ አንድ ላይ ጨምሩለት»

በፍጹም። ያ የሳምንት ምግብ በሁለተኛው ቀን መርዝ ነው። በደንብ ሲመገብ የኖረ ያደገ ዓሣ አንድ ሳምንት ያለ ምግብ ይቆያል። ለመውሊድ ወይም ለገና ዘመድ ጥየቃ ሄዳችሁ በ5ኛው ቀን ብትመለሱ ዋኝቶ ይጠብቃችኋል። ከሳምንት በላይ ከሆነ ለጎረቤት አደራ ስጡ። ግን ሙሉ ቆርቆሮ አታስረክቡ። የየቀኑን መጠን በወረቀት ጠቅልላችሁ፣ በላዩ ላይ ቀኑን ጽፋችሁ ስጧት። አለበለዚያ አደራ በላች እንዳትባል ብላ አብዝታ ትመግብላችኋለች።

«ከበዛባችሁ ሐይቅ ወስዳችሁ ልቀቁት»

ጋፒ በደንብ ሲመገብ በየወሩ ይወልዳል፤ ስለዚህ መብዛቱ አይቀርም። ግን የአኳሪየም ዓሣ ሐይቅ ከተማ አጠገብ ያለው ሐይቅም ሆነ አርድቦ ሐይቅ መግባት የለበትም። ቦርከና ወንዝም ላይ አይለቀቅ። ሐይቅ ከተማ ላይ ተጠብሶ የምንበላው ቆሮሶ ራሱ በሰው እጅ የገባ ነው፤ በ1970ዎቹ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር። ለአሣ አጥማጁ እንጀራ ሆኗል። ውሃው ላይ ግን ለውጥ አምጥቷል። ያ እንግዲህ በባለሙያ ታስቦበት የተደረገ ነው። ከአኳሪየም ዓሣ ጋር ደግሞ በሽታና ጥገኛ ተባይ አብሮ ይሄዳል። ከበዛባችሁ ለሚያሳድግ ሰው ስጡ፣ ወይም ወንዱንና ሴቱን ለዩ። መጠኑን ስትቀንሱም መዋለዱ ይቀንሳል።

«የባሕር ኮራል እንኳ በየቀኑ ይመገባል»

ጸሐፊው ይህን ያመጡት ክርክራቸውን ለማጠንከር ነው። እኔ ግን ለእኔ የሚመሰክር ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ኮራል እንስሳ ነው፤ ያ ትክክል ነው። ነገር ግን የባሕር ውስጥ ድንጋያማ ሪፍ የሚሠሩት አብዛኞቹ ኮራሎች በሥጋቸው ውስጥ ጥቃቅን አልጌዎች ይኖራሉ። አልጌዎቹ ከብርሃን ምግብ ይሠራሉ፤ ኮራሉም አብዛኛውን ኃይሉን ከእነሱ ያገኛል። ስለዚህ ቤት ውስጥ ኮራል የሚያሳድጉ ሰዎች ዋናው ጭንቀታቸው መብራቱ ነው። ምግብ በሳምንት ከ1 እስከ 3 ጊዜ ይጨምሩለታል፤ ብዙ ጊዜ ማታ፣ እጆቹን ሲዘረጋ። ለዓሦቹ ከሚሰጠው የሚተርፈውም ለኮራሉ ይደርሳል። በየቀኑ ወይም በ2 ቀን አንዴ የሚመገቡት አልጌ የሌላቸው፣ ለምሳሌ የፀሐይ ኮራል የሚባለው ዓይነት ናቸው። እነሱንም የያዘ ሰው ብርቱ ማጣሪያ ይዞ ነው የሚደፍረው። ከመጠን ያለፈ ምግብ ናይትሬትና ፎስፌት ያበዛል፤ ድንጋዩን የማይፈለግ አልጌ ይወርሰዋል፤ ኮራሉም ይከስማል። እንግዲህ ኮራል አሳዳጊዎች ዘንድም ጥያቄው ያው የእኛው ነው፦ ውሃው ምን ያህል ይችላል?

ጸሐፊው የተናገሩት አንድ ትክክለኛ ነገር

ጽሑፉ መሃል ላይ፣ በአንድ መስመር፣ «ጫጩት ዓሣ ቶሎ ቶሎ ይመገብ» ይላል። እውነት ነው። ሰፋ ተደርጎ ቢጻፍ ጥሩ ነበር። የጋፒ ጫጩት ሆዱ ትንሽ ነው፤ እድገቱ ፈጣን ነው። በቀን ከ3 እስከ 4 ጊዜ፣ በጣት መካከል ተፈጭቶ እንደ ዱቄት የላመ መኖ ያስፈልገዋል። የተቀቀለ የእንቁላል አስኳልም ይሰጣል። ግን የመርፌ ጫፍ ታህል ብቻ፤ ከዚያ ካለፈ ውሃውን በአንድ ሌሊት ያበላሸዋል። ጫጩቶቹን ለብቻቸው በተለየ ዕቃ አስቀምጡ፤ ትልልቆቹ ይበሏቸዋልና። የዚያን ዕቃ ውሃ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ቀይሩ። ሁለት ወር ገደማ ሲሞላቸው በቀን 2 ጊዜ አድርጉላቸው፤ ወደ ትልቁ አኳሪየም ሲገቡ ደግሞ እንደሌሎቹ በቀን አንዴ።